ጠርዙን አይቶ መግዛት

ሰው ወይም ዛፍ የተሳለበት ሥዕል ላይ ስሕተት መሸሸጊያ አያጣም። የቀሚሱ እጥፋት ትንሽ ቢጠቁር፣ ከኋላ ያለው ተራራ ትንሽ ቢዛነፍ፣ ዓይን ፊቱን ለማየት ሲጣደፍ አልፎት ይሄዳል። ካሬ ግን ምሕረት አያውቅም። አራት ቀጥ ያሉ ጎኖችና አንድ ወጥ ቀለም እንጂ ሌላ ምንም የለውም። አንደኛው ጎን በግማሽ ሚሊሜትር ከተንጋደደ፣ ምን እንደጎደለ ለይቶ መናገር የማይችል እንግዳ እንኳ ባየው ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ስለዚህ ለሳሎኑ ግድግዳ የካሬና የመስመር ረቂቅ ሥዕል ኅትመት ከነፍሬሙ ሊገዛ የወጣ ሰው ቢያማክረኝ፣ መሐሉን ተወውና ጠርዙን እይ እለዋለሁ። ቀለም ከቀለም የሚገጥምበት፣ ወረቀት ከካርቶን የሚገናኝበት፣ እንጨት ከእንጨት የሚጋጠምበት፤ የሠሪው እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ለዚህ ዓይነት ምርመራ የዮዜፍ አልበርስን ሥራ የሚያህል አላውቅም። አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1888 ቦትሮፕ በምትባል የጀርመን የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ቤት ቀቢና የብዙ እጅ ሙያ ባለቤት ነበሩ። በር ሲቀባ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር እንደሚኬድ፣ እንዲህ ሲሆን የሚንጠባጠበው ቀለም እንደሚለቀምና እጅጌም እንደማይበላሽ ልጃቸውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ ባውሃውስ የሚባለው የጀርመን የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ፣ ከ1923 ጀምሮም እዚያው አስተማረ። በ1933 ትምህርት ቤቱ በናዚዎች ጫና ሲዘጋ ከሸማኔዋ ሚስቱ ከአኒ አልበርስ ጋር አሜሪካ ገባ፤ መጀመሪያ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በዚያው በ1950፣ ስልሳውን ካለፈ በኋላ፣ «ለካሬ ክብር» የሚል ስም የሰጣቸውን ሥዕሎቹን ጀመረ። በ1976 እስኪሞት ድረስ ከሁለት ሺህ በላይ ሠራ፤ ሁሉም ካሬ በካሬ ውስጥ ናቸው። እነሱንም ከመካከለኛዋ ካሬ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይቀባቸው ነበር፣ እንደ አባቱ በር።

ሥዕሎቹን ለመግዛት የሙዚየም በጀት ያስፈልጋል። ኅትመቶቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በ1972፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ የአርባ ዓመት ሐሳቦቹን መለስ ብሎ አይቶ «ፎርሙሌሽን፦ አርቲኩሌሽን» የተሰኘ ትልቅ የኅትመት ስብስብ አወጣ። በሁለት ሳጥን የተከፈለ ነው፤ 66 የታጠፉ ሉሆች፣ በነሱም ላይ 127 የስክሪን ኅትመቶች። አሳታሚዎቹ የኒው ዮርኩ ሃሪ አብራምስና የኒው ሄቨኑ አይቭስ-ሲልማን ሲሆኑ፣ የታተመውም በአንድ ሺህ ቅጂ ነው። ሳጥኖቹ ባለፉት ዓመታት እየተፈቱ ሉሆቹ በየጨረታውና በየሥዕል መሸጫው አንድ በአንድ ስለሚገኙ፣ ደመወዝተኛ ሰው አጠራቅሞ ሊደርስበት የሚችል የአልበርስ ሥራ ይኸው ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር አንባቢ ከነፍሬሙ ሊያገኘው ይችላል።

ስክሪን ኅትመት ስል ብዙ ሰው ቲሸርትና የማስታወቂያ ሰሌዳ ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ዘዴው ያው ነው። በፍሬም ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተወጠረ ስስ መረብ አለ። ቀለም እንዳያልፍበት የተፈለገው ቦታ ይደፈናል፣ እንዲያልፍ የተፈለገው ክፍት ይተዋል። ከላይ ቀለም ይፈስና ባለ ጎማ መጥረጊያ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይጎተታል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ መረብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀለም ታትሞ፣ መደርደሪያ ላይ ደርቆ፣ ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል። ቲሸርት ላይ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው በሚሊሜትር ቢያፈነግጥ ማንም አይከስም። አልበርስ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ለምን እንደሚፈርስ ለማየት ሦስት ቢጫዎች እርስ በርስ የተቃቀፉበትን ሉህ ማሰብ ይበቃል። ውጭኛው ወደ ሰናፍጭ የሚያደላ፣ መካከለኛው የጸዳ ቢጫ፣ ውስጠኛው ከሁሉም የበራ። ሁለቱ ቢጫዎች በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነጭ የወረቀት ክር ብልጭ ካለ፣ ዓይን ቀለሞቹን ትቶ ክሩን ይይዛል። ሁለተኛው ቀለም በመጀመሪያው ላይ ከመጠን በላይ ከተደረበ ደግሞ ማንም ያልጠራው ሦስተኛ ቀለም እንደ ጥቁር ሽንጥር ይሠመራል። ጥሩ አታሚ በነዚህ በሁለቱ መሐል ከፀጉር ብዙ የማይሰፋ ቦታ አለው፤ ሥራውን የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ወረቀት ሕይወት ያለው ያህል ይንቀሳቀሳል። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ጠዋት የመጀመሪያ ቀለሙን የተቀበለ ሉህ ከሰዓት ሁለተኛው ሲመጣ ያው መጠን ላይሆን ይችላል። ይህን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሉሆች፣ በአንዳንዱ ሉህ ላይ ለአራትና ለአምስት ቀለም እየደጋገሙ መግጠም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያተመ ያውቀዋል።

ሌላም መሰናክል አለ። መረቡ ከክር የተሸመነ ስለሆነ፣ የካሬው ጠርዝ በክሮቹ መሐል ሲያልፍ በደቃቅ መጋዝ ጥርስ መልክ ሊቆራረጥ ይችላል። የድሮዎቹ አታሚዎች መፍትሔ በእጅ በቢላ የተቆረጠ ስስ ፊልም ነበር፤ ፊልሙ የመረቡን ቀዳዳዎች ድልድይ ሆኖ ስለሚሻገራቸው ጠርዙ ቢላው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ሉሁን ከመስኮት በአግድም በሚመጣ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ይህን ሁሉ ይገልጣል። የስክሪን ቀለም ወፈር ብሎ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጡ አይሰምጥም፤ ስለዚህ አንዱ ካሬ ከሌላው ላይ በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደብዛዛና ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ያቺን ከፍታ ካዩ በኋላ ወደ ፖስተር መመለስ ያስቸግራል።

አሳታሚዎቹ ኖርማን አይቭስና ሱዌል ሲልማን በዬል የአልበርስ ተማሪዎች ነበሩ፣ ኋላም እዚያው አስተምረዋል። መምህራቸው የሚፈልገውን ቀለም ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ነበራቸው ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ይለወጣል፤ ናሙናው ላይ ትክክል የነበረው ሉሁ ላይ ጎረቤት ሲያገኝ ሌላ ይሆናል። በአልበርስ ቤት ደግሞ ዋናው ጉዳይ ጎረቤት ነው። በ1963 በዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው «ኢንተራክሽን ኦቭ ከለር» የሚባለው ትልቅ ሥራው የሚያስተምረው አንድ ቀለም በሁለት መደቦች ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቀለም መስሎ እንደሚታይ ነው። የዚያ መጽሐፍ ሠንጠረዦችም በአብዛኛው በስክሪን የታተሙ ናቸው፤ ከአራት ቀለም ነጠብጣብ የሚቀናበረው የተለመደው የማተሚያ ቤት ሥራ ያን ትክክለኛነት ሊሰጥ ስለማይችል።

ነገሩን መጀመሪያ የደረሰበት አልበርስ አይደለም። ሚሼል ኤዠን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ከ1824 ጀምሮ በፓሪስ ጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። የጥቁሩ ክር ጥቁረት ጎደለ የሚል ስሞታ ሲደርሰው ማቅለሚያውን መረመረ፤ ጉድለት አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ አገኘው። ከዚህ ተነሥቶ በ1839 ስለ ቀለሞች ተቃርኖ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ሥሩ የሸማኔ ቤት ስሞታ ነው፤ አልበርስ ሸማኔ ማግባቱ በዚህ ረገድ ያስደስተኛል።

ገዢ ይህን የጎረቤት ቀለም ማታለል እቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ አንዱን በአንደኛው ቀለም ላይ፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ ማድረግ ነው። ጎረቤቶቻቸው ሲሸፈኑ፣ ተለያይተው የነበሩት ሁለት ቀለሞች አንዳንዴ አንድ ሆነው ይገኛሉ፣ አንዳንዴም አንድ የመሰሉት ይለያያሉ። ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕሉ እንደገና ያታልላል። ማታለሉን አውቀው እንኳ መከላከል አይቻልም፤ ሥዕሉ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ሰንብቶ የማይሰለቸው ለዚህ ይመስለኛል። የጠዋት ብርሃንና የማታ አምፖል ሲፈራረቁበት መካከለኛዋ ካሬ አንዴ ወደፊት ትመጣለች፣ አንዴ እንደ ኮሪደር ጫፍ ወደ ውስጥ ትሸሻለች።

ካሬዎቹ መሐል ለመሐል አለመሆናቸውን ያላስተዋለ ካለ አሁን ያስተውል። ሁሉም ወደ ታች ወረድ ብለው ተቀምጠዋል፣ ያውም በቁጥር። ውጭኛውን ጎን 10 ብንለው፣ የሚከተሉት 8፣ 6 እና 4 ይሆናሉ፤ ባለ ሦስት ካሬ በሆነ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ይቀራል። ከአንዱ ካሬ ወደ ቀጣዩ ያለው ክፍተት በምጥጥን ከታች 1 ቢሆን በግራና በቀኝ 2፣ ከላይ 3 ነው። 40 ሳንቲሜትር ጎን ላለው ሥዕል ይህ ሲመነዘር ሁለተኛው ካሬ 32 ሳንቲሜትር ሆኖ ከታች 2፣ ከየጎኑ 4፣ ከላይ 6 ይተዋል። ስለዚህ ማስመሪያ ይዞ መሄድ አያሳፍርም። በአልበርስ ስም ከሚሸጡ የጌጥ ኅትመቶች አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይጋለጣል፤ ሠሪው ካሬዎቹን በግምት ወይም መሐል ለመሐል ደርድሮ ክብደታቸውን አጥፍቶባቸዋል።

ሁለተኛው መሣሪያ ማጉያ መነጽር ነው፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየትም ይረዳል። የተለመደው የማተሚያ ቤት ኦፍሴት ከሆነ ያ ወጥ የመሰለው ቢጫ የቢጫ፣ የቀይና የሰማያዊ ነጠብጣብ መንጋ ሆኖ ይበተናል። ጠርዙም መስመር አይደለም፣ የነጠብጣብ ሰልፍ ነው። በኮምፒውተር ማተሚያ የወጣው፣ ሻጮች ጂክሌ የሚሉት፣ እንደ ጉም የተረጨ ደቃቅ ቀለም ያሳያል። ስክሪን ከሆነ ግን ቀለሙ ቀለም ነው፤ ምንም ያህል ቢጎላ ከዳር እስከ ዳር ያው፣ ዳሩም በቢላ የተቆረጠ። ፖስተር መግዛት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። በፖስተር ዋጋ የተገዛ ፖስተር ቅን ዕቃ ነው። የሚያናድደኝ ፖስተር በወፍራም ወርቃማ ፍሬም ታጅቦ በኅትመት ሥራ ዋጋ ሲጠየቅበት ነው።

የ1972ቱ ሉሆች በየራሳቸው የእርሳስ ፊርማ የላቸውም፤ በታችኛው ጠርዝ ያለ ቀለም የተጫነ ትንሽ ማኅተም ነው ያለው፣ የሠዓሊው ስም መነሻ ፊደላትና የሉሁ ቁጥር የታተመበት። ጣት ሲዳብሰው ያገኘዋል። ፊርማ ወዳድ ገዢዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ያልፉታል፣ ዋጋውንም ዝቅ ያደረገው አንዱ ይኸው ነው። ለኔ ትርፍ ነው፤ የአታሚውን ሥራ ያለ ፊርማ ክፍያ ማግኘት። ይልቅ የሚያሳስበው የመሐሉ እጥፋት ነው። ሉሁ የታጠፈው ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን እንዲነጋገሩ ታስቦ ነው። ግራው የሞቀ ከሆነ ቀኙ የቀዘቀዘ፣ ወይም ያው ቅርጽ በተገለባበጡ ቀለሞች። ሁለቱን ግማሾች በመቀስ ለይቶ በየፍሬሙ ያስቀመጠ ሻጭ ከአንድ ሥራ ሁለት ግማሽ አውጥቷል።

አሁን ወደ ፍሬሙ። ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ክሩ ከኋላ ከተንጠለጠለና ከተወሳሰበ የፊቱ ውበት አያታልለውም። ፍሬምም እንዲሁ ተገልብጦ መታየት አለበት። ጀርባው በቡናማ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ታሽጓል ወይስ በምስማርና በፕላስተር ተጣብቋል? ሻጩ ከፈቀደ ከፍቶ ማየት ነው። ወረቀቱ ከኋላ ባለው ካርቶን ላይ ሙሉ በሙሉ በሙጫ ተለጥፎ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል፣ ሳይጎዳ የሚያላቅቀው የለም። በስኮች የተያዘ ከሆነም ሙጫው ከጊዜ ጋር ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያልፈዋል። ሙያተኛ ሉሁን የሚሰቅለው ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቁራጭ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ነው። ያ ማጣበቂያ በውሃ ይለቃል። የቀረው የሉሁ አካል ነጻ ስለሚሆን ከእርጥበቱ ጋር እንደልቡ ይሰፋል፣ ይሰበሰባል፤ ሳይጨማደድ።

ከፊት በኩል ደግሞ ፓስፓርቱ አለ፤ እንደ መስኮት የተቆረጠው ወፍራም ካርቶን። ጠርዙ በ45 ዲግሪ ወደ ውስጥ ተዳፍቶ ይቆረጣል። የቆራጩ ብልሃት ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ቢላው ትንሽ ካለፈ በማዕዘኑ ላይ የጭረት ጅራት ይቀራል፣ ካነሰ ደግሞ ካርቶኑ ተቀዶ ጸጉራም ይሆናል። አራቱም ማዕዘን ላይ ሁለቱ ቁርጦች ነጥብ ላይ ተገናኝተው ከቆሙ ያንን ሠራተኛ ስሙን ጠይቁና ያዙት። የተቆረጠው ስስ ጠርዝ ነጭነቱም ይመርመር፤ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ካርቶኑ አሲድ አለበት፣ ሉሁም ላይ በመስኮቱ ቅርጽ የተቃጠለ መስመር እየሣለ ነው። ሌላው የምከራከርበት ነገር፣ ፓስፓርቱው እስከ ቀለሙ ድረስ መጥቶ የወረቀቱን ነጭ ኅዳግና ማኅተሙን መሸፈን የለበትም። አልበርስ ለነጩ ወረቀት ስፋት ተጨንቋል፤ ያም የሥዕሉ ቀለም ነው። እኔ ብሆን ሉሁ በሙሉ፣ ከነአራት ዳሩ እንዲታይ አደርገዋለሁ።

መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመሐላቸው ክፍተት ይኑር፤ በክረምት እርጥበት መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሻግታል። ተራ የመስኮት መስታወት ትንሽ አረንጓዴነት ስላለው ከኋላው ያለው ነጭና ቢጫ በመጠኑ ይበከላል፤ በሌላ ሥዕል ቸል የሚባል ነው፣ እዚህ ግን የሚያስቆጭ። ጨረር የሚከለክል መስታወት ውድ ቢሆንም አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ፀሐይዋ የምትጨክን ስለሆነች ዋጋውን ይመልሳል። ያም ሆኖ በበጋ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስታዘነብል በደቡብ መስኮት የገባው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የፍሬሙ እንጨት ቀጭንና ዝም ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። ዋንዛ ይሁን ሌላ፣ ማዕዘኖቹን በጣት ጥፍር መዳሰስ ነው። ሁለቱ የ45 ዲግሪ ቁርጦች ሲገጥሙ ጥፍር የሚያደናቅፍ ነገር መኖር የለበትም፤ በስቱኮ የተሞላ ክፍተት ቀለሙ ለጊዜው ቢመሳሰልም እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንዳንድ ጥንቁቅ አናጢ አራቱንም ጎን ከአንድ ረጅም ጣውላ በተርታ ስለሚቆርጥ የእንጨቱ መስመር ማዕዘኑን ዞሮ ሲቀጥል ይታያል። በወረቀት የተሸፈነ ኤምዲኤፍ ግን ማዕዘኑ ላይ ቶሎ ይላጣል።

የቀረው መስቀል ነው። ክብደቱ በአንድ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለ በር በተዘጋ ቁጥር ሥዕሉ ይዛነፋል፤ ካሬ ደግሞ አንዲት ዲግሪ መዛነፉን ለቤቱ ሁሉ ያውጃል። ስለዚህ ከፍሬሙ ጀርባ ሁለት ቀለበት፣ ግድግዳው ላይ ሁለት መንጠቆ። የብሎኬት ግድግዳ በትራፓኖ ሲበሳ ልስኑ ብቻ ተነክቶ እንዳይቀር ፊሸሩ እስከ ብሎኬቱ መድረስ አለበት፤ የተቦረቦረው የብሎኬቱ ሆድ ላይ ከወደቀ ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን ማለት ነው። የሥዕሉ መሐል ከቆመ ሰው ዓይን ጋር ይስተካከል፣ ከሶፋ በላይ ከሆነ ዝቅ ይበል። ውኃ ልክ መጠቀም ግድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አንድ ጥርጣሬ አለኝ፦ የኮንዶሚኒየም ጣሪያና የበር ደፍ ሁልጊዜ ከውኃ ልክ ጋር አይስማሙም፣ ቀጥ ብሎ የተሰቀለው ካሬም በዘመመ ጣሪያ ሥር የዘመመው እሱ መስሎ ይታያል። ሥዕሉ ከጣሪያው ብዙ ከራቀ ውኃ ልኩን ተከተሉ፤ ከቀረበ ግን ሁለት ሰው ይያዘው፣ ሦስተኛው ከክፍሉ ማዶ ቆሞ ይዳኝ፣ ከዚያ ይበሳ።